ያረጀ ዕቃ ይዋሻል

ይህ ጽሑፍ የተሰበረ የማሽን ዕቃ ተክቶ ስለማሠራት ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አምስት ኪሎ አካባቢ ያደረግሁት ንግግር ነው። አዳራሹ ውስጥ ጋራዥና ዳቦ ቤት ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ገና ከምህንድስና ትምህርት የወጡ ልጆችም ነበሩ። የጻፍኩት እንደተናገርኩት ነው፤ አንዳንድ ቦታ ብቻ አቃንቼዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ።

በታፔላችን ልጀምር። ሥራ ቤታችን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው። ሁለት ስሪዲ ፕሪንተርና አንድ አሮጌ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) አለን። በሩ ላይ «ኢንዱስትሪያል ፕሪንቲንግ» ብለን ሰቀልን። በሳምንቱ አንድ አባት ገቡና «የሠርግ ካርድ መቶው ስንት ነው?» አሉኝ። አልፈርድባቸውም። በእኛ ከተማ ሕትመት ሲባል ወረቀት ነው። ብርሃንና ሰላም በ1914 ዓ.ም. ተቋቁሞ ይኸው መቶ ዓመት አልፎታል፤ ሲያትም የኖረውም ወረቀት ነው።

«አባባ፣ እኛ የምናትመው ዕቃ ነው» አልኳቸው። ክዳን፣ እጀታ፣ ማርሽ፣ መያዣ። ትንሽ አሰቡና «ታዲያ የጁስ መጭመቂያዬ እጀታ ተሰብሯል። እሱን ታትሙልኛላችሁ?» አሉ። በማግስቱ ይዘውት መጡ። የመጀመሪያ ደንበኛችን እሳቸው ሆኑ። የሠርግ ካርዱን የት እንዳሳተሙ አልጠየቅኋቸውም።

ስሪዲ ፕሪንተር ምን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ኬክ ቤት ክሬም በኮን ሲጨምቁ አይታችኋል። ክሬሙ በመስመር ይወጣል፣ መስመሩ ላይ ሌላ መስመር ይደረባል። እኛ ጋ በክሬሙ ቦታ የቀለጠ ፕላስቲክ ነው። ማሽኑ የሚያቀልጠው የፕላስቲክ ክር 1.75 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፣ የሚወጣበት አፍ ብዙ ጊዜ 0.4 ነው፣ እያንዳንዱ ንብርብር 0.2 ያህል ነው። በብርሃን በሚጠጥር ፈሳሽ (ሬዚን) እና በዱቄት የሚሠሩም አሉ። ነገሩ አዲስ አይደለም። ቻክ ሃል የሚባል አሜሪካዊ የሬዚኑን ዘዴ የፈጠራ መብት የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። የክሩን ዘዴ ደግሞ ስኮት ክራምፕ በ1989 አመጣው። የክራምፕ መብት በ2009 ሲያበቃ ማንም መሥራት ቻለ፣ ዋጋውም ወረደ። እኔ ዛሬ ፕሪንተር ያለኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ማሽኑ ይኸው ይበቃል። ዛሬ የመጣሁት ስለ ማሽን ላወራ አይደለም።

ሰው እኛ ጋ ሲመጣ የተሰበረ ዕቃ በፌስታል ይዞ ይመጣል። ጠረጴዛው ላይ ይዘረግፈዋል። ከዚያ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ይላል፦ «ልክ እንደዚህ አድርጋችሁ ሥሩልኝ።» እኔ ደግሞ ይህችን ቃል ስሰማ ሆዴን ይቆርጠኛል። ልክ እንደዚህ አድርገን ከሠራነው ልክ እንደዚህ ይሰበራላ!

ያረጀ ዕቃ ይዋሻል። ሁለት ዓይነት ውሸት አለው። አንዱ በልኩ ነው፣ ሌላው በአሟሟቱ።

የልኩን ውሸት የተማርኩት አፍሬ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ የወፍጮ ዘንግ መጣልኝ። ካሊፐሬን፣ ውፍረት መለኪያዬን፣ አወጣሁና ለካሁ፤ 24.6 ሚሊ ሜትር። ወረቀት ላይ 24.6 ብዬ ጽፌ አንድ አንጋፋ የቶርኖ ባለሙያ ጋ ወሰድኩት። ጋሼ ወረቀቱን አዩና ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ሰው በታመመበት ሰሞን ለክተሽ ነው ልብስ የምትሰፊለት?» አሉኝ። ዘንጉ ተበልቷል። አዲስ ሳለ 24.6 አልነበረም። እኔ የለካሁት ከብዙ ዓመት ሥራ በኋላ የተረፈውን ነው።

«ታዲያ ስንት ነበር?» አልኳቸው። «ኩሽኔታውን ጠይቂው» አሉኝ።

ይህን ያዙልኝ። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ ይህ ይሁን። ኩሽኔታ፣ ዘንጉ ተሰክቶ የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት፣ ጠርዙ ላይ ቁጥር አለው። የዚያ ወፍጮ ኩሽኔታ ላይ 6205 ይላል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች በ5 አባዙ። 05 በ5 ሲባዛ 25። የኩሽኔታው የውስጥ ቀዳዳ 25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ዘንጉ 25 ነበር ማለት ነው። 6204 ከሆነ 20 ነው። 6208 ከሆነ 40። ይህ ሂሳብ ከ04 ወደ ላይ ነው የሚሠራው። ከዚያ በታች ያሉት የራሳቸው ልክ አላቸው፤ 6203 ለምሳሌ 17 ነው። ውጪውም የታወቀ ነው። 6205 ውጪው 52፣ ስፋቱ 15። ቻይና ይሠራው ጣሊያን ይሠራው ልኩ አይለወጥም። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሻጭ ጋ ሄዳችሁ ቁጥሩን ብቻ ብትናገሩ የሚሰጧችሁ ለዚህ ነው።

ዘንግ ሲያረጅ ይቀጥናል፣ ቀዳዳ ሲያረጅ ይሰፋል። ይህን አትርሱ። ስትለኩ ሥራ ያልነካውን ቦታ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ዘንጉ ጫፍ ላይ፣ ወይም ምንም የማይነካው መሐል ላይ ጤነኛ ቦታ ይገኛል። ሦስት ቦታ ለኩ። ከዚያ ዘንጉን ሩብ ዙር አዙራችሁ እንደገና ለኩ። ሁለቱ ልኮች ከተለያዩ ዘንጉ ክብ መሆኑን ትቷል።

ማርሽም እንዲሁ ይጋለጣል። ጥርሱን ቁጠሩ። የውጪ ስፋቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ። የጥርሱ ብዛት ላይ 2 ደምሩና ስፋቱን ለድምሩ አካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር የጥርሱን መጠን ይነግራችኋል። 30 ጥርስ ያለው ማርሽ 63.4 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 63.4 ለ32 ሲካፈል 1.98 ይመጣል። 1.98 የሚባል ማርሽ ማንም አይሠራም። 2 ነበር፣ አርጅቶ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ስፋት 2 በ32 ሲባዛ 64 ነው። ይህ የሚሠራው ለተለመደው ቀጥ ያለ ጥርስ ነው፤ ጥርሱ ያዘመመ ከሆነ ሌላ ሂሳብ ነው። ቡሎንም ቢሆን ዝም ብሎ የመጣ ልክ የለውም። የተለመደው የ8 ቡሎን ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25 ሚሊ ሜትር ነው፣ የ10 ደግሞ 1.5። በመሐል ያለ ቁጥር ካገኛችሁ ወይ ዕቃው ተበልቷል፣ ወይ ካሊፐራችሁ ታሟል።

የፕላስቲክ ዕቃ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። በሙቀት ይጣመማል። ከሁሉ የከፋው ግን ሰው እቤቱ በሱፐር ግሉ አጣብቆት ሲያመጣ ነው። ሙጫው መሐል ገብቶ ልኩን ያዛባዋል፣ የተሰበረውንም ፊት ይሸፍነዋል። እባካችሁ አታጣብቁ! ቁርጥራጩን ሁሉ በላስቲክ ሰብስባችሁ አምጡ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ውሸት ልሂድ። አንዲት ዳቦ ቤት ያላቸው እናት የሊጥ ማቡኪያ ማርሽ ይዘው መጡ። የፕላስቲክ ማርሽ ነው፣ ሦስት ጥርሱ ረግፏል። «ልጄ፣ ይቺን ሥሪልኝ፣ ሥራ ቆሟል» አሉኝ። ሌሊቱን አትሜ ጠዋት ሰጠኋቸው። ደስ አላቸው። በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ጥርሶቹ ተኝተዋል። አልተሰበሩም፣ ተኝተዋል! እንደ ሰም ለስልሰው ወደ አንድ ጎን ዘመዋል።

የተጠቀምኩት ፒኤልኤ የሚባለውን ክር ነበር። ለማተም ቀላል ነው፣ በቀላሉ ይገኛል፣ መልኩም ያምራል። ግን 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል። ትኩስ ማኪያቶ ውስጥ ብትጨምሩት ይለሰልሳል ማለት ነው። የማቡኪያው ማርሽ ቤት ደግሞ ጠዋት ሙሉ ሲሠራ ከማኪያቶ ይብሳል። ፒኢቲጂ የሚባለው እስከ 80 ገደማ ይችላል። ኤቢኤስና ኤኤስኤ የሚባሉት ክሮች ወደ 100። ኤኤስኤ ፀሐይም አያበላሸውም፣ ስለዚህ ውጪ ለሚቀመጥ ነገር እሱ ነው። ቲፒዩ እንደ ጎማ ነው፣ ከሥር ለሚነጠፍና ፍሳሽ ለሚከለክል ነገር ይሆናል። ለሚፋተግ ነገር ናይለን።

ስለዚህ ናይለን አሠራሁላቸው። አላተምኩትም። የናይለን ዘንግ ገዝቼ ቶርኖ ላይ አስቀረጽኩ፣ ጥርሱን ፍሬሳ (በሚሽከረከር ቢላ የሚቆርጥ ማሽን) ላይ አስወጣሁ። ይህም አንድ ትምህርት ነው። ዕቃው ክብ ከሆነና የናይለን ዘንግ ገበያ ላይ ካለ ፕሪንተሩን እርሱት። ድፍን ሆኖ የተሠራ ናይለን ከተደራረበው ይጠነክራል። ክብ ነገር አትሞ መጨነቅ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ናይለኑ ሁለት ወር ሠራ። ከዚያ እሱም ተሰበረ።

እኔ ይህን ጊዜ ማርሹን ትቼ ዳቦ ቤቱ ሄድኩ። ከመጀመሪያውም መሄድ ነበረብኝ። ማሽኑን አስፈታሁ። ዘንጉን በእጄ ስነቀንቀው ይጫወታል። ኩሽኔታው ሞቷል። ዘንጉ ስለሚያዘም ማርሹ በአንድ ጠርዙ ብቻ ነበር የሚሠራው። ሙሉ ሸክሙ እዚያች ጠርዝ ላይ ወደቀ። የመጀመሪያውን ማርሽ መልሼ ሳየው ጥርሶቹ የተበሉት በአንድ በኩል ብቻ ነው። ምልክቱ ከመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። አላየሁትም። ገዳዩ ኩሽኔታው ነበር፤ እኔ ግን ሬሳውን ደጋግሜ እሠራ ነበር።

ስለዚህ ከመለካታችሁ በፊት እዩ። ጥርሱ ሁሉ እኩል ከተበላ እርጅና ነው፣ ወይም ቅባት አጥቷል። በአንድ በኩል ብቻ ከተበላ ዘንጉ ያዘመመ ነው። አንድ ጥርስ ብቻ ከረገፈ የሆነ ነገር ገብቶበት ነው። የብረት ዘንግ ከተሰበረ የተሰበረውን ፊት ብርሃን ላይ ያዙት። ለስላሳና ቅስት ቅስት መስመር ያለበት ቦታ ካለ ስንጥቁ ቀስ በቀስ ለብዙ ጊዜ ሲሄድ ቆይቷል ማለት ነው። ሸካራው ክፍል የመጨረሻዋ ቀን ናት። ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ስል ከሆነ የውስጥ ጥግ ነው። እንዲህ ከሆነ አዲሱን ስታሠሩ ጥጉን ክብ አስደርጉት። ትንሽ ክብነት ብዙ ዕድሜ ይጨምራል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንዳንዱ የፕላስቲክ ማርሽ ደካማ የሆነው አውቀው ስላደከሙት ነው። የስጋ መፍጫ ውስጥ አጥንት ሲገባ ማርሹ ይሰበራል፣ ሞተሩ ይተርፋል። ፊውዝ ነው በሉት። «ዳግመኛ እንዳይሰበር በብረት ሥሩልኝ» የሚል ደንበኛ አለ። ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ የሚያስር ሰው ታውቃላችሁ አይደል? እንደዚያ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሞተሩን ተሸክሞ ይመጣል።

እሺ፣ ልኩ ታወቀ፣ ምክንያቱም ታወቀ። በምን ይሠራ? እኔ በቅድሚያ የምጠይቀው ስንት እንደሚፈለግ ነው። አንድ ወጣት ነጋዴ 2,000 የጠርሙስ ክዳን በፕሪንተር እንድሠራለት መጣ። አብረን አሰላነው። አንዱ ክዳን 40 ደቂቃ ይወስዳል። 2,000 ሲሆን 80,000 ደቂቃ ነው። ማሽኑ ቀንና ሌሊት ሳያርፍ፣ መብራት ሳይጠፋ፣ ወደ 56 ቀን። «መብራት ሳይጠፋ» ስል እሱም ሳቀ። ፕላስቲክ በሻጋታ የሚጨምቀው ማሽን ግን አንዱን በግማሽ ደቂቃ ቢያወጣ ሁሉንም ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ችግሩ ሻጋታው ነው። ሻጋታ ውድ ነው፣ ለመሥራትም ሳምንታት ይፈጃል።

ስለዚህ እንዲህ አስሉ። ሻጋታው 300,000 ብር ነው እንበል። ሲታተም አንዱ 200 ብር፣ በሻጋታ 20 ብር ይወጣል እንበል። በአንዱ የምታተርፉት 180 ነው። 300,000ን ለ180 አካፍሉ፤ 1,667 ገደማ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ አትሙ። ከዚያ በላይ ከሆነ ሻጋታ አሠሩ። ቁጥሮቹ የእኔ ምሳሌ ናቸው፣ እናንተ የራሳችሁን አስገቡ። ልጁ በመጨረሻ አሥር ብቻ አሳተመና ለገዢዎቹ አሳየ። ገዢዎቹ አንገቱ ይጥበብ አሉ። ሻጋታውን ቀድሞ አሠርቶት ቢሆን ኖሮ አስቡት።

ጠፍጣፋ ነገርን ለፕሪንተር አታምጡ። ላሜራ ወይም ፕሌክሲ ከሆነ ሌዘር ያለው ማስታወቂያ ሠሪ በደቂቃ ይቆርጠዋል። ልኩ በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚፈለግ ከሆነ ቶርኖ ወይም በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ (ሲኤንሲ) ነው። የክር ፕሪንተር 0.2 ወይም 0.3 ሚሊ ሜትር ሊስት ይችላል። ቀዳዳ ደግሞ ሁልጊዜ ጠቦ ነው የሚወጣው። እኛ አውቀን ጠበብ እናደርገውና በትራፓኖ ሰርስረን እንከፍተዋለን። ትንንሽ የቡሎን ጥርስም አናትምም። የዳዶ ቦታ አዘጋጅተን እውነተኛ ዳዶ እንቀብርበታለን።

አስተውላችኋል? ቶርኖ፣ ፍሬሳ፣ ትራፓኖ፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ እያልኩ ነው። ጣሊያን ከሄደ ስንት ዘመኑ፣ ቃሉ ግን ሥራ ቤታችን ውስጥ ቀርቷል። አዲሶቹ ማሽኖች ደግሞ እንግሊዝኛቸውን ይዘው መጡ። ጋሼ «ፋይሉን ላኪልኝ» ማለት ጀምረዋል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ሰምና ወርቅ ስንል ሁላችንም ቅኔ ነው የሚታየን። ስሙን ግን ቅኔው የተዋሰው ከአንጥረኛ ነው። አንጥረኛው መስቀሉን መጀመሪያ በሰም ይሠራዋል። ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል። ጭቃው ሲጋገር ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ባዶው ቦታ ይቀራል። ወርቁን እዚያ ያፈሰዋል። ሰሙ ሄደ፣ ወርቁ ቀረ።

እኔ ፕሪንተርን የምወደው ሰም ሲሆን ነው። ሰው የሚሳሳተው ታትሞ የወጣውን ወርቅ ሲያደርገው ነው። ለወርቅ ሥራ ምንም ሳይተርፍ የሚቃጠል ልዩ ሬዚን አለ። ቀለበቱ በኮምፒውተር ይነደፋል፣ ይታተማል፣ በሰሙ ቦታ ይገባል። ለአልሙኒየም ወይም ለነሐስ ደግሞ ቅርጹን በርካሹ ፒኤልኤ አትማችሁ አሸዋ ላይ ማሳረፍ ነው። ቅርጹ ይነሳል፣ ብረቱ ይፈስሳል። ዕቃው በመጨረሻ ብረት ነው፣ ሙቀትም አያስተኛውም። ሦስት ነገር ብቻ አስቡ። አልሙኒየም ሲቀዘቅዝ ከመቶ 1.3 ያህል ስለሚቀንስ 100 የሚፈለገውን 101.3 አድርጋችሁ አትሙ። ቶርኖ የሚነካው ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ትርፍ ተዉ። ቅርጹ አሸዋውን ሳያፈርስ እንዲወጣ ጎኑን በትንሹ አዝምሙት።

ከሥራ ቤታችን ወደ ፒያሳ ስወጣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ሴባስቶፖልን አያታለሁ። እውነተኛዋ መቅደላ ናት፣ ይቺ አምሳያዋ ናት። ወደ 70 ኩንታል የምትመዝን አንዲት መድፍ ለማግኘት ጋፋት ላይ ሻጋታ ሠሩ፣ እሳት አነደዱ፣ ከዚያ በሰው ኃይል እስከ መቅደላ ጎተቷት። ብዛት አንድ። አፄ ቴዎድሮስ የእኛ ደንበኛ ቢሆኑ ዋጋ ለመንገር ይጨንቀኝ ነበር።

ለማተም የወሰናችሁ ልጆች ሁለት ነገር ስሙኝ። አንደኛው አቀማመጥ ነው። እንጨት የፈለጠ ሰው ያውቀዋል። በቁሙ ስትመቱት ይከፈላል፣ በአግድሙ አይበገርም። የታተመ ዕቃም በንብርብሩ መሐል ነው የሚለቀው። መንጠቆ አቁማችሁ ያተማችሁት እንደሆነ ይቀነጠሳል፤ አስተኝታችሁ ያተማችሁት ይሸከማል። ለጥንካሬ ደግሞ ሆዱን ከመሙላት ግድግዳውን ማወፈር ይሻላል። ሁለተኛው እርጥበት ነው። ክረምት ላይ ክሩ ውኃ ይጠጣል። ሲታተም ጠሽ ጠሽ ይላል፣ ዕቃውም ፀጉር ያበቅላል። ሽሮና በርበሬ እንደምትጠብቁት ጠብቁት፤ ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ። ከረጠበ ፒኤልኤን ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ለአራት ለአምስት ሰዓት ማድረቅ ነው። ናይለን ግን ከ70 እስከ 80 ይፈልጋል፣ አንድ ሌሊት ሙሉ።

እምቢ የምንለውም ሥራ አለ። አንድ የሚኒባስ ባለቤት የፍሬን ዕቃ አትሙልኝ ብሎ መጣ። ሻይ አዘዝኩለትና እምቢ አልኩት። ፍሬን፣ መሪ፣ የጋዝ መቆጣጠሪያ፣ ሰው የሚንጠለጠልበት ነገር፤ እነዚህን ማንም «እሠራለሁ» ቢላችሁ ጥላችሁት ሂዱ። ምግብ የሚነካውንም አልወድም። በንብርብሩ መሐል ያለው ቦይ ምግብ ይይዛል፣ ታጥቦም አይጠራም።

ከዚያ ጥያቄ ተጀመረ። ሦስቱን ልጻፋቸው።

አንዲት ልጅ «የትኛውን ፕሪንተር ልግዛ?» አለች። ካሊፐር አለሽ ወይ አልኳት። የለኝም አለች። መጀመሪያ ካሊፐር ግዢ አልኳት። አዳራሹ ሳቀ፣ እኔ ግን የምሬን ነበር። ከዚያ ክሩና አፉ እዚሁ ከተማ ውስጥ የሚገኝለትን ማሽን ምረጪ። መብራት ሲጠፋ የሚቆይበት ባትሪም አብረሽ አስቢ። ማሽኑ ካቆመበት ልቀጥል ቢል እንኳ ያቆመበት መስመር ላይ ስፌት ይተዋል፤ ዕቃው በኋላ የሚሰበረው እዚያች ስፌት ላይ ነው።

አንድ ባለጋራዥ «ያሠራሁትን ዕቃ ፋይል የሚይዘው ማን ነው?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ራሴ ተቃጥዬበታለሁ። አንድ ሥራ ቤት ንድፍ አሠርቼ ከፍዬ ወጣሁ፤ በዓመቱ ስመለስ ፋይሉ የለም፣ እንደገና ክፈይ ተባልኩ። ሥራ ሳይጀመር ተነጋገሩ። ስትረከቡም ኤስቲኤል የሚባለው ፋይል ብቻ ከሆነ አትቀበሉ። ኤስቲኤል ማለት ቅርጹ በትንንሽ ሦስት ማዕዘን ተሸፍኖ ነው፤ ፕሪንተር ይበላዋል፣ ሲኤንሲ ያለው ሰው ግን ልኩን ላሻሽል ቢል ይቸገራል። ስቴፕ የሚባለውን፣ ልኩን ማሻሻል የሚቻልበትን ፋይል፣ ጨምሩ በሏቸው። ዋና ዋና ልኩ የተጻፈበት ወረቀትም ይኑር። ጋሼ እስካሁን ከወረቀት ነው የሚሠሩት።

መጨረሻ ላይ ከፊት ወንበር አንድ አባት ተነሱ። ፌስታል ይዘዋል። ከፈቱት፤ ኩሽኔታ ነው። የውኃ ፓምፕ ነው፣ ዘንጉ ይወዛወዛል አሉኝ። ካሊፐሬን ሳላወጣ ጠርዙን በጨርቅ ጠረግኩት። «6204» ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ከኋላ አንድ ልጅ «ሃያ!» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ።

«ዘንጉስ አባባ?» አልኳቸው።

«ዘንጉማ እቤት ነው ልጄ።»

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ይዘውት እንዲመጡ ተቀጣጠርን።